የፒያኖ ሆድ ብረት ቢሆንስ?

ባለፈው እትም አንድ አንባቢ «ክረምት ሲገባ የክራሬ ቆዳ ለምን ይላላል?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ቆዳ እርጥበት ስለሚጠጣ ነው ብለን በአጭሩ መለስን። ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን «እሺ ፒያኖስ?» የሚሉ ደብዳቤዎች ተከታተሉ። ይባስ ብሎ ሦስቱ ሳይነጋገሩ አንድ ሐሳብ ላይ ወድቀዋል፦ የፒያኖን የእንጨት ሆድ፣ ማለት ድምፅ የሚያወጣውን ሰሌዳ፣ አውጥቶ በብረት መተካት። ስለዚህ የዛሬው ገጽ ሙሉውን የፒያኖ ነው። ቤታችሁ ፒያኖ የሌላችሁ አትቀየሙኝ፣ እኔም ቤት የለም።

ጥያቄ፦ «አዳማ ላይ የብየዳ ሥራ ቤት አለኝ። አንድ ደንበኛዬ የድሮ የቆመ ፒያኖ አመጣልኝ፣ እግሩን እንድጠግንለት። ጀርባውን ሳየው ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ አለ፣ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። ድምፁን የሚያወጣው እሱ ነው አሉኝ። እኔም አሰብኩ። እንጨት ስትመታው 'ቧ' ብሎ ዝም ነው። ላሜራ ስትመታው ግን ይጮሃል፣ ደግሞም ይቆያል። ታዲያ ሰሌዳውን አውጥቼ ባለ 2 ሚሊ ላሜራ ወይም አሉሚኒየም ብገጥምለት ድምፁ አይጨምርም? ፈረንጆቹስ ይኼ እንዴት አልታያቸውም?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይኼን መልስ እስከ መጨረሻው ሳታነብ ያንን ፒያኖ አትንካው። አደራ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

ሐሳብህ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። ሙከራህ ግን አሳስቶሃል። ላሜራውን የመታኸው በመዶሻ ነው፣ ወይም በእጅህ። ያ ትልቅ ጉልበት ነው፣ ያውም በቀጥታ ላሜራው ላይ ያረፈ። ፒያኖ ውስጥ ሰሌዳውን የሚመታው ማንም የለም። ክሩ ይመታል፣ ክሩ ይንቀጠቀጣል፣ ክሩ የተቀመጠበት በርኩማ አብሮ ይነቃነቃል (ፒያኖም እንደ በገና በርኩማ አለው፣ ረጅምና ጠማማ ነው እንጂ)፣ በርኩማው የተጣበቀበት ሰሌዳም ይከተላል። ክር ብቻውን ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ቀጭን ስለሆነ አየሩን ይሰነጥቀዋል፣ አይገፋውም። ሰሌዳው ሰፊ ስለሆነ ይገፋዋል።

አሁን ዋናው ነገር። ሰሌዳው ከራሱ አንዲት ጠብታ ጉልበት አይጨምርም። ያለው ጉልበት የተጫዋቹ ጣት የሰጠችው ብቻ ነው። ሰሌዳው የሚወስነው ያቺ ጉልበት በምን ፍጥነት ትውጣ የሚለውን ነው። ቶሎ ካስወጣት ድምፁ ትልቅ ይሆንና ወዲያው ይሞታል። ቀስ አድርጎ ካስወጣት ድምፁ ይቆያል፣ ግን ያንሳል። ክራርን አስብ፦ ሆዱ ላይ ቀጭን ቆዳ ነው ያለው፣ ክሩ እንደ ፈለገ ይነቀንቀዋል፣ ድምፁ ፈጥኖ ወጥቶ ፈጥኖ ያልቃል። አሁን ደግሞ ያንኑ ክር አንድ የባቡር ሐዲድ ላይ ወጥረህ ምታው። ክሩ ለረጅም ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮህን ካላስጠጋህ ግን አትሰማውም። ፒያኖ በሁለቱ መሃል ነው የተቀመጠው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሠሪዎቹ የተጣሉት በዚህ መሃል ነጥብ ላይ ነው።

ብረት ወደ የትኛው ጫፍ ይጎትተዋል? ወደ ሐዲዱ። ምክንያቱ ክብደት ነው። ብዙ ሰው «ብረት ውስጥ ድምፅ በፍጥነት ይሄዳል» ይላል። እውነት ነው፣ ግን ፒያኖ ሰሌዳ የሚሠራበት እንጨት፣ ስፕሩስ የሚባለው የብርድ አገር ዛፍ፣ በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ እኩል ያስኬዳል። ብረትም፣ አሉሚኒየምም፣ ስፕሩስም ሦስቱም በሴኮንድ 5000 ሜትር አካባቢ ናቸው። ልዩነቱ ሚዛን ላይ ሲወጡ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ስፕሩስ 430 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አሉሚኒየም 2700። ብረት 7850።

ያንተን ባለ 2 ሚሊ ላሜራ እናስላው። የፒያኖ ሰሌዳ ውፍረቱ 9 ሚሊ አካባቢ ነው፣ አንድ ካሬ ሜትሩ ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል። የ2 ሚሊ ላሜራ አንድ ካሬ 16 ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው። አራት እጥፍ ማለት ነው። «እሺ ይክበድ፣ ግን ግትር ነው» እንዳትል፣ ሲታጠፍ ያለው ግትርነት የስፕሩሱ አምስት አንድ ብቻ ነው። ሉህ ሲታጠፍ ዋጋ ያለው ውፍረቱ ነው፣ ውፍረት ሁለት እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስፕሩስ ቀላል ስለሆነ ወፍራም የመሆን ዕድል አለው። ያንተ ላሜራ ከባድም ልፍስፍስም ነው የሆነው፣ ሁለቱንም ኪሳራ በአንድ ላይ። ግትርነቱን ከስፕሩሱ ጋር ላስተካክል ብትል 3.4 ሚሊ ያስፈልግሃል፣ ያ ደግሞ በካሬ 27 ኪሎ ነው። አሉሚኒየም ይሻላል፦ 5 ሚሊ ገደማ፣ 13 ኪሎ። አሁንም ከሦስት እጥፍ በላይ።

ያ ሁሉ ክብደት ክሩ የማይነቀንቀው ሸክም ነው። ፒያኖው ሹክሹክታ ይሆናል።

ሁለተኛው ጣጣ ያው አንተ የወደድከው ነው፣ ላሜራ «ይቆያል» ያልከው። ስፕሩስ ንዝረትን በመጠኑ ይውጣል። ብረት አይውጥም ማለት ይቻላል። የፒያኖ ሰሌዳ የራሱ ድምፅ ሊኖረው አይገባም፣ የክሩን ማስተላለፍ ነው ሥራው። ብረት ግን አንዴ ከተነካ የራሱን ዜማ ይዞ ይቀጥላል። ለዚህ ጥሩ ምስክር አለኝ። ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ላይ የሚጨመረውን ሪቨርብ (ብዙዎቻችን «ኢኮ» የምንለውን) ታውቀዋለህ። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት በላሜራ ነበር የሚሠራው። በ1957 (እዚህ ገጽ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኢኤምቲ የሚባል የጀርመን ድርጅት 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ብቻ የሆነ የብረት ሉህ በስፕሪንግ አንጠልጥሎ ሸጠ። በአንድ በኩል ድምፅ ይነዘርበታል፣ በሌላ በኩል ማይክ ይቀበለዋል። ሉህ እንዲያው ሲለቀቅ ለብዙ ሴኮንዶች ያስተጋባል፣ ከመብዛቱ የተነሳ አጠገቡ ሌላ ሰሌዳ እያስጠጉ ማፈን ነበረባቸው። ለዘፈን ድንቅ ነው። አሁን ግን አስበው፣ ፒያኖ ላይ አንድ ኮርድ መተህ ወደ ሚቀጥለው ስትሄድ የፊተኛው አሁንም እየጮኸ ነው። ፔዳል ብትለቅም አይሰማህም። ገላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተቀምጠህ የምትጫወት ነው የሚመስለው።

(እኔም በልጅነቴ ሞክሬዋለሁ። ሆዱ የተሰበረ ጊታር ላይ ከዱቄት ወተት ጣሳ የቆረጥኩትን ቆርቆሮ ለጠፍኩበት። እናቴ ሦስት ቀን ታገሠችኝ። በአራተኛው ቀን ጊታሩን የት እንዳደረሰችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።)

አሁን «አትንካው» ያልኩህ። ፒያኖ ውስጥ ወደ 230 ክሮች አሉ፣ ሁሉም ሲደመሩ እንደ ፒያኖው መጠን ከ15 እስከ 20 ቶን ይጎትታሉ። የተሸከማቸው የብረት ፍሬም ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው። ጊዛ አይለመጥም፣ ይፈነዳል፤ ጊዛ መበየድ ምን ዓይነት መከራ እንደሆነ ደግሞ ካንተ በላይ ማን ያውቃል። ክሮቹ ተወጥረው ሳለ የፍሬሙን ቡሎን የፈታ ሰው ፒያኖውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ሊያጣ ይችላል። ሰሌዳውን ለማውጣት ክሩ ሁሉ በየተራ ቀስ እየተባለ መላላት፣ ፍሬሙም መነሣት አለበት። የቀናት ሥራ ነው።

ደግሞስ ለምን ታወጣዋለህ? ስንጥቅ ብቻውን ፒያኖ አይገድልም። ተሰንጥቀው በደንብ የሚዘፍኑ ሞልተዋል። መጀመሪያ ጀርባው ላይ ያሉትን አግዳሚ እንጨቶች እይ፣ እንደ ጎድን አጥንት የተደረደሩትን። ሰው እንዲጫወትልህ አድርግና በአውራ ጣትህ አንድ በአንድ ተጫን። የሚንዛረጥ ድምፅ ካለና ስትጫነው ከጠፋ ያ ጎድን ከሰሌዳው ለቋል። ኮላ አስገብቶ መጭመቅ ነው፣ አለቀ። ስንጥቁ ሰፊ ከሆነ ቀጭን የስፕሩስ ሽብልቅ ይሞላበታል። ቀጥሎ አንድ ክር ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ በጀርባው በኩል ወጥር። መሃል ላይ በክሩና በእንጨቱ መሃል ጥቂት ሚሊ ክፍተት ካየህ ሰሌዳው ሲሠራ የተሰጠውን ጉብታ አሁንም ይዟል፣ ደህና ነው። ክሩ ከእንጨቱ ጋር ከገጠመ ጉብታው ጠፍቷል፤ ያኔ የፒያኖ ባለሙያ ይጠራ። አንተ እግሩን ሥራለት፣ ገንዘብህን ተቀበል።

ጥያቄ፦ «ጎንደር ነው ያለሁት፣ ክራር እመታለሁ። የኔ ክራር ገበቴው የብረት ሳህን ነው፣ የጓደኛዬ እንጨት ነው። የኔ በድምፅ ይበልጠዋል። ብረት አይሆንም የሚሉ ሰዎች ይምጡና ይስሙ!»

መልስ፦ እንመጣለን፣ ቡና ካለ።

ሳህንህ ጎድጓዳው ክፍል ነው። በርኩማህ የተቀመጠው ግን ቆዳው ላይ ነው አይደል? አየሩን የሚገፋው ቆዳው ነው። ሳህኑ ሥራው ቆዳውን ወጥሮ መያዝና በውስጡ አየር ማጠር ነው፣ ለዚህ ደግሞ ብረት ግትር ስለሆነ ጎበዝ ነው፣ ጉልበት አይሰርቅም። ፒያኖም እንዲሁ ነው፦ ዳሩ ከባድ ይሁን፣ ፍሬሙ ብረት ይሁን፣ መሃሉ ግን ቀላል። አንተ ሳታውቀው ትክክለኛውን ክፍል ነው ብረት ያደረግከው። ቆዳውን አውጥተህ ላሜራ ብትወጥርበት ጓደኛህ ይበልጥሃል። (የሱ ቆዳ ላልቶ ሊሆንም ይችላል። ፀሐይ ላይ ትንሽ አሞቁትና እንደገና አወዳድሩ።)

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ለልጄ ያገለገለ ፒያኖ ገዛሁ። የሚቃኘው ሰውዬ 'ሳውንድቦርዱ እንጨት ነው፣ እርጥበቱን ጠብቂ' አለኝ። እኔ ግን ክዳኑን ስከፍተው የማየው ወርቃማ ብረት ነው፣ ክሮቹ ሁሉ እሱ ላይ ናቸው። ሰውየው እያታለለኝ ነው?»

መልስ፦ አላታለለሽም እህቴ። ያየሽው ወርቃማ ቀለም የተቀባው ጊዛ ፍሬሙ ነው። ክሮቹን ይሸከማል እንጂ ድምፅ አያወጣም። የድምፅ ሰሌዳው፣ ሰውየው ሳውንድቦርድ ያለሽ፣ ከሱ ሥር ነው፤ በፍሬሙ ቀዳዳዎች አጮልቀሽ ብታዪ እንጨቱ ይታይሻል።

ድሮ ይህ ፍሬምም እንጨት ነበር። በ1825 ቦስተን ውስጥ አልፊየስ ባብኮክ የሚባል ሠሪ በአንድ ወጥ ከጊዛ የፈሰሰ ፍሬም በስሙ አስመዘገበ፣ በ1843 ደግሞ ጆናስ ቺከሪንግ ለትልቁ፣ ለተኛው ፒያኖ አደረገው። ከዚያ በኋላ ክሩን ማወፈርና መወጠር ተቻለ፣ ፒያኖም ትልቅ አዳራሽ መሙላት ቻለ። እንግዲህ ብረት ፒያኖ ውስጥ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ይኼ ነው፣ በተዘዋዋሪ ድምፁንም ያሳደገው። ፍሬሙን በአሉሚኒየም የሠሩም አሉ። ሂንደንበርግ የሚባለው የጀርመን የአየር መርከብ ላይ በ1936 የተጫነው የብሉትነር ፒያኖ በአብዛኛው የአሉሚኒየም ቅይጥ ነበር፣ ክብደቱም ከ200 ኪሎ በታች። መርከቡ በ1937 ሲቃጠል ፒያኖው ቀድሞ ወርዶ ስለነበር ከዚያ እሳት ተርፏል፣ ይኼን ስሰማ ሁሌ ደስ ይለኛል።

ሰውየው እርጥበቱን ጠብቂ ያለሽን ስሚ። እናንተ ጋ በክረምት ማሞቂያ ሲለኮስ የቤት አየር በጣም ይደርቃል።

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የብረታ ብረት ሳውንድቦርድ ዲዛይን ማድረግ እፈልጋለሁ። አማካሪዬ 'ከንቱ ድካም ነው' አለኝ። እውነት ከንቱ ነው? ከዚህ በፊት የሠራው ሰው አለ?»

መልስ፦ አማካሪሽ ግማሽ ልክ ነው፣ ግን ግማሽ ልክ የሆነ ርዕስ ለመመረቂያ ከሁሉ ይሻላል።

የሠራ ሰው አለ። ጆን ቻሊስ ይባላል፣ አሜሪካዊ፣ በ1907 ተወልዶ በ1974 የሞተ። ሃርፕሲኮርድ ሠሪ ነበር፤ ሃርፕሲኮርድ የፒያኖ አያት ነው፣ ክሩ በመዶሻ ሳይሆን በመቆንጠጥ የሚነካ። እንግሊዝ አገር ከአርኖልድ ዶልሜች ዘንድ ሙያውን ተምሮ ወደ ሚሺጋን ተመለሰ። እዚያ ግን የአገሩ አየር አስቸገረው፣ በጋና ክረምቱ የተራራቀ ነው፣ እንጨቱ ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ መሣሪያው ቅኝቱን አይጠብቅም። እሱም ምን አደረገ? ፍሬሙንም የድምፅ ሰሌዳውንም ብረታ ብረት አደረጋቸው። ኦርጋኒስቱ ኢ. ፓወር ቢግስ ባኽን የቀዳበት በእግር የሚመታ ሃርፕሲኮርድ የቻሊስ ሥራ ነው። ስለዚህ «አይቻልም» የሚልሽን ሰው ቻሊስን ንገሪው።

ልብ በይ ግን፣ ቻሊስ ብረትን የመረጠው ድምፅ ለማሳመር ብሎ አልነበረም፣ ቅኝት እንዲጸና ነው። ደግሞም የሃርፕሲኮርድ ክር ውጥረቱ ከፒያኖ በጣም ያነሰ ነው። በዚያው ዘመን፣ ከ1949 ጀምሮ፣ ቦስተን ውስጥ ፍራንክ ሃባርድና ዊሊያም ዳውድ ወደ ጥንቱ የእንጨት አሠራር ተመለሱ፣ ሙዚቀኛውም እነሱን ተከተለ። ጆሮ ፈረደ ማለት ነው። እኔ በቻሊስ ላይ እንዲህ መፈረዱ ትንሽ ያሳዝነኛል፣ ሰውዬው የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ ነበረና።

ሌላም አለ። በ1927 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጆን ዶፕየራ ጊታር ሆድ ውስጥ ስስ የአሉሚኒየም ሾጣጣ ጎድጓዳ አስገባ። ማጉያ ገና ባልተስፋፋበት ዘመን የጊታር ድምፅ ከባንድ ውስጥ እንዲሰማ ነው። ሠርቶለታል። ለምን ሠራ? ሉሁን ጠፍጣፋ አላደረገውም፣ ቅርጹ ግትር አደረገው፤ ስለዚህ በጣም ስስ መሆን ቻለ፣ ስስ ስለሆነ ቀላል ሆነ። ድምፁ ክራርን ይመስላል፣ ይጮሃል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ትንሽ አፍንጫ አፍንጫ ይላል። ትምህርቱን ያዢው፦ ብረት ላይ መፍትሔው ውፍረት አይደለም፣ ቅርጽ ነው።

አሁን ወደ ስሌትሽ። መነሻሽ ክብደት ይሁን፣ በካሬ ሜትር 4 ኪሎ። ይኼ ለአሉሚኒየም 1.5 ሚሊ ነው። ጠፍጣፋውን ብትተዪው ግትርነቱ ከስፕሩሱ ሠላሳ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። እሱ ብቻ አይደለም፣ በስስ ሉህ ላይ ንዝረቱ በአየር ውስጥ ካለው ድምፅ ይልቅ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ጉብ ያለው ቦታ የገፋውን አየር አጠገቡ ያለው ጎድጓዳ ይስበዋል፣ ድምፅ ሳይሆን እዚያው ይጠፋፋል። ለ1.5 ሚሊ አሉሚኒየም ይኼ እስከ 8000 ኸርዝ (በሴኮንድ 8000 ንዝረት) አካባቢ ይቀጥላል። የፒያኖ የመጨረሻዋ ቀጭን ኖታ 4186 ኸርዝ ናት። አየሽ?

ስለዚህ ግትርነትን በቅርጽ መግዛት አለብሽ። አንዱ መንገድ ጣሪያሽ ላይ ነው፦ ቆርቆሮ። ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ አይታጠፍም፣ በሌላው እንደ ልብ ይጠቀለላል። ስፕሩስም እኮ እንዲህ ነው፣ በቃጫው አቅጣጫ ካለው ግትርነት በአግድሙ ያለው አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ያንሳል፣ ለዚህ ነው ጎድኖቹ በአግድም የሚለጠፉት። የተሞገደ ሉህ ይኼን ጠባይ ይቀዳዋል።

ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው ሳንድዊች ነው፣ አውሮፕላን ወለል ላይ እንደሚደረገው። ሁለት የ0.3 ሚሊ አሉሚኒየም ቆዳ፣ መሃላቸው 10 ሚሊ የማር እንጀራ ቅርጽ ያለው ባዶ እምብርት። አስልቼዋለሁ፦ ከነማጣበቂያው በካሬ 3 ኪሎ ቢደርስ ነው፣ ግትርነቱ ግን ከ9 ሚሊው ስፕሩስ ይበልጣል። በወረቀት ላይ ስፕሩስን አሸነፍሽ ማለት ነው! ግን በወረቀት ላይ ነው። በርኩማው የሚያርፍበት ቦታ ይጎደጉዳል፣ ምክንያቱም ክሮቹ ሰሌዳውን ወደ ታች ይጫኑታል። ክሩ በርኩማው ላይ ሲያልፍ የሚሠራው ማዕዘን አንድ ዲግሪ ብቻ ቢሆን እንኳን 20 ቶን ውጥረት ወደ 350 ኪሎ ጫና ይሰጥሻል። ስለዚህ ከበርኩማው ሥር እምብርቱን በጠንካራ እንጨት መሙላት ይኖርብሻል። ደግሞ ንዝረት መዋጫ ያስፈልግሻል፣ በቆዳና እምብርት መሃል የምታስገቢው ማጣበቂያ ለስለስ ያለ ቢሆን የተወሰነውን ይሠራልሻል። ምን ያህል ለስላሳ? እሱ ነው መመረቂያሽ።

ሙቀትንም አትርሺ። አሉሚኒየም ለአንድ ዲግሪ በሚሊዮን 23 ይለጠጣል፣ ጊዛ ግን 11 ገደማ። 1.4 ሜትር ሰሌዳ፣ 20 ዲግሪ ልዩነት፣ ትርፉ ሲሶ ሚሊ ነው። ምንም አትመስልም። ዳርና ዳሩን በቡሎን የጠረቅሽው ጠፍጣፋ ሉህ ከሆነ ግን ይቺው ሲሶ ሚሊ መሃሉን ከ1 ሴንቲ በላይ ልታሳብጠው ትችላለች፣ ጂኦሜትሪው ራሱ እንዲህ ነው፣ ራስሽ አስይው። ዳሩ የሚንሸራተትበት መንገድ ይኑረው። ለፍትሕ ያህል የእንጨቱን ልንገርሽ፦ ያው 1.4 ሜትር ስፕሩስ በአግድሙ፣ በውስጡ ያለው እርጥበት 4 በመቶ ቢጨምር፣ የሚይዘው ባይኖር 8 ሚሊ ገደማ ይሰፋል። ቻሊስ የሸሸው ይኼን ነው።

ከእንጨት መሸሽ ከፈለግሽ ዛሬ ሰው የሚሄደው ወደ ካርቦን ፋይበር ነው። ጀርመን ባይሮይት ያለው የስታይንግሬበር ቤት የካርቦን ሰሌዳ ያለው ፒያኖ ሠርቷል። ከአሉሚኒየም ይቀላል፣ ግትርነቱንም በፈለጉት አቅጣጫ ማድረግ ይቻላል፣ እርጥበት አያውቅም። ለአንቺ ውድ ነው፣ ስለዚህ እሱን በማወዳደሪያነት ጥቀሺው።

ሙሉ ፒያኖ አትሥሪ። አንድ ሜትር ቱቦላሬ ውሰጂ፣ አንድ የጊታር ክርና አንድ መቃኛ ከአሮጌ ጊታር። 40 በ30 ሴንቲ የሆነ የእንጨት ፍሬም ላይ ሰሌዳዎችን እየቀያየርሽ እሰሪ፦ ባለ 4 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ 1.5 ሚሊ አሉሚኒየም፣ 1 ሚሊ ላሜራ፣ ከዚያ የራስሽ ሳንድዊች። ክሩን በጣትሽ አትንኪው፣ ጉልበትሽ በየጊዜው ይለያያል። ቀጭን የስፌት ክር አስሪበትና እስኪበጠስ ድረስ ሳቢው፣ ሁሌም በአንድ ዓይነት ጉልበት ይበጠሳል። ስልክሽን አንድ ሜትር ላይ አስቀምጪና ቅጂ። ሁለት ነገር ብቻ ለኪ፦ መጀመሪያ ላይ ምን ያህል ጮኸ፣ ለስንት ሴኮንድ ቆየ። አንዱ ሲጨምር ሌላው ሲቀንስ ታያለሽ፣ ብረቶቹ ደግሞ ክሩን በእጅሽ ካፈንሽው በኋላም ሲያጉረመርሙ ትሰሚያለሽ። ግራፉን ላኪልንና እናትመዋለን።

ጥያቄ፦ «ዱባይ ነው ያለሁት፣ ጡረታ ልወጣ ጥቂት የቀረኝ ሰው ነኝ። ኤሲ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ፒያኖዬ በየሁለት ወሩ ከቅኝት ይወጣል። የብረት ሳውንድቦርድ ያለው የሚገዛ አለ?»

መልስ፦ ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት ፒያኖ ሱቅ ውስጥ ፈልገው አያገኙም። እንደዚያ ቢሆንም ክሩ፣ መቃኛው የተተከለበት እንጨት፣ የመዶሻዎቹ ሱፍ እዚያው አሉ፣ እነሱም አየሩን ይሰማሉ።

የርስዎ ችግር ኤሲው መሥራቱ ሳይሆን መብራቱና መጥፋቱ ነው። ሲሠራ አየሩ ይደርቃል፣ ሰሌዳው ይኮማተራል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። ሲጠፋ የባሕሩ እርጥበት ይገባል፣ ሰሌዳው ያብጣል፣ ቅኝቱ ይወጣል፤ በተለይ መሃሉ ላይ ያሉት ኖታዎች። አዲስ አበባም በሐምሌና በጥር መሃል ያው ነው፣ ርስዎ ጋ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ይሆናል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ይግዙና ፒያኖው ላይ ያስቀምጡ። ቁጥሩ ከ40 እስከ 50 በመቶ መሃል ረጋ ብሎ እንዲቆይ ያድርጉ፤ ካልሆነ ፒያኖው ውስጥ የሚገጠም እርጥበት ማስተካከያ አለ፣ ቃኚውን ይጠይቁት። ከኤሲው አፍ ፊት ለፊት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ያንሱት። ብቻዎን እንዳይገፉት ግን፣ ጎረቤት ይጥሩ።